«ሕዝቡ ይጠየቅ» ሲሉ የኖሩት አቶ አካለ ወልድ ባዘዘው

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ፣ አሐዱ አምላክ፣ አሜን።

የተከበራችሁ አባቶች ካህናት፣ የነሐሴ ጭቃና ጎርፍ ሳይመልሳችሁ ከአምበር፣ ከሮብ ገበያ፣ እንዲሁም ከዚሁ ከደብረ ማርቆስ ከተማ ለቅሶ የደረሳችሁ ወገኖቻችን ሁሉ! የሟቹ ታናሽ ወንድም ታረቀኝ ባዘዘው እባላለሁ፤ የወንድሜን ዜና ሕይወት እንዳነብ ቤተ ሰቡ ስላዘዘኝ በፊታችሁ ቆሜአለሁ። በእንዲህ ያለው ቀን የሟችን መልካም መልካሙን ብቻ ማንሣት የአገር ልማድ መሆኑን አላጣሁትም፤ ነገር ግን ወንድሜ በሕይወት ሳሉ ከማንም ፊት ያልተሸሸጉ ሰው ስለ ነበሩ፣ አሁን በሞታቸው እኔ ልሸሽጋቸው ተገቢ ሆኖ አልታየኝምና የሆነውን እንደ ሆነው አነባለሁ።

አቶ አካለ ወልድ ከአባታቸው ከአቶ ባዘዘው እንግዳና ከእናታቸው ከወይዘሮ ዘሪቱ አየለ፣ ከሮብ ገበያ በላይ በጮቄ ተራራ ግርጌ በምትገኘው በአስታ ሚካኤል ሰበካ፣ በጥቅምት ወር 1908 ዓ.ም. ተወለዱ። አባታችን ገብስ የሚያርሱ፣ በሬ የሚወዱ፣ ነገር የማያበዙ ገበሬ ነበሩና የበኵር ልጃቸው ሞፈር እንዲጨብጥላቸው ይመኙ ነበር፤ እናታችን ግን «የዚህ ልጅ አፉ ከእጁ ይቀድማል፤ ለእርሻ አይሆንም» ብለው ከሰበካው ቄስ ዘንድ ፊደል እንዲቈጥሩ ሰደዷቸው። ዳዊት ደግመው እንደ ጨረሱ ወደ መርጡለ ማርያም ተሻግረው በዚያ አካባቢ ከነበሩ የቅኔ መምህር እግር ሥር ተቀምጠው ለዓመታት ቅኔ ቈጠሩ፤ ጓደኞቻቸው እንደሚያስታውሱት፣ ቅኔያቸው ሰሙ የሚያስቅ፣ ወርቁ የሚቈጠቍጥ ነበረ፤ የራሳቸውን ቅኔ ራሳቸው ከሁሉ ቀድመው ይሥቁበት ስለ ነበር መምህራቸው ብዙ ጊዜ ተቈጥተዋቸዋል።

ትምህርታቸውን ፈጽመው ሳያስመሰክሩ ጠላት አገራችንን ወረረና ወንድሜም ከአገሩ ዐርበኞች ጋር ዱር ገብተው፣ ይበልጡን በጽሕፈት ሥራ፣ አገልግለው፣ በ1933 ዓ.ም. ነጻነት ሲመለስ በአምበር በፍርድ ቤት ጸሐፊነት ተቀጠሩ። በ1936 ዓ.ም. ከወይዘሮ ሥራነሽ ድረስልኝ ጋር በቅዱስ ቍርባን ተጋብተው፣ በኋላ የወረዳ ዳኛ ሆነው ወደ ደብረ ማርቆስ ተዛውረው፣ ድረስ የተባለ ወንድ ልጅና ጥሩብርሃን የተባለች ሴት ልጅ ወለዱ። በዳኝነታቸው ዘመን ችሎት ሲያስችሉ ያየ ሰው ሁሉ እንደሚመሰክረው፣ ቍጣቸው ቶሎ የሚነድ፣ ቶሎም የሚበርድ፣ ከባለጉዳይ ቤት ውሃ እንኳ የማይቀምሱ ሰው ነበሩ።

የወንድሜን ሕይወት ከመንገዱ ያወጣው ነገር የጀመረው በ1949 ዓ.ም. ሕዝቡ ለመጀመሪያ ጊዜ እንደራሴ ምረጥ በተባለ ጊዜ ነው። ወንድሜ ምርጫውን እንዲያስፈጽሙ ታዘው ወደ አንድ ገጠር ወርደው ሳለ፣ ለእንደራሴነት የቀረቡት የቦታው ባላባት፣ ስማቸውን ዛሬ አልጠራም፣ እርሳቸውም ሞተዋልና፣ በምርጫው ዋዜማ በሬ አርደው፣ ጠላውን ጠምቀው፣ ጪሰኛውን ሁሉ በዳስ አስቀምጠው ካበሉ በኋላ ምልክታቸውን እያሳዩ «ነገ ይህችን እንዳትስቱ» ብለው አሰናበቱት። በማግሥቱ አንድ ሽማግሌ ገበሬ ወረቀታቸውን ከሳጥኑ ከተው ሲወጡ፣ ወንድሜ «እንግዲህ ድምፅዎን ሰጡ!» ቢሏቸው፣ ሽማግሌው «አዎን ጌታው፤ ድምፄን ለጌታዬ ሰጠሁ፤ ለኔ ዝምታው ቀረኝ» ብለው መለሱላቸው። ወንድሜ ይህን ነገር ቅኔ ነው እያሉ ለሰው ሁሉ ሲነግሩ ከኖሩ በኋላ፣ ዕድሜያቸው እየገፋ ሲሄድ መንገሩን ተዉት።

በዚሁ ከተማ ጨርቅ ነጋዴ የሆኑት፣ ዛሬም ከመካከላችን በሐዘን የተቀመጡት አቶ አብዱልቃኒ፣ ከወንድሜ ጋር ጎረቤትም ወዳጅም ነበሩ። አንድ ቀን በሱቃቸው ደጃፍ ስለ ምርጫ ሲነጋገሩ አቶ አብዱልቃኒ «ለእንደራሴነት የሚቀርብ ሰው ንብረት ይኑረው፣ ርስት ይኑረው ይባላል፤ እኔ እስላሙ ነጋዴ ርስት ከየት አመጣለሁ? እሺ፣ እንደራሴነቱስ ይቅርብኝ፤ አገሩን ሁሉ የሚያስተዳድረው ሰው ሲሾም ግን እኔን የሚጠይቀኝ አለ?» ብለው ጠየቋቸው። ነገሩ ወንድሜን እንቅልፍ ነሣቸው። ከዚያን ጊዜ አንሥተው አንድ ሐሳብ ያዛቸው፤ ይኸውም ንጉሡ በዙፋናቸው እንዳሉ፣ የመንግሥቱን ሥራ የሚመራውን አለቃ፣ ስሙ ጠቅላይ ሚኒስትር ይባል ፕሬዚዳንት ይባል ግድ የለም፣ ሕዝቡ ሁሉ፣ ወንዱም ሴቱም፣ ክርስቲያኑም እስላሙም፣ ባለርስቱም ጪሰኛውም፣ በአንድ ቀን በእኩል ድምፅ በቀጥታ ይምረጠው የሚል ነው።

ይህንኑ ይዘው በ1957 ዓ.ም. ለእንደራሴነት ተወዳደሩ። ድግስ አልደገሱም፤ በየገበያው እየዞሩ ቆመው ተናገሩ፤ አስታ ሚካኤልም፣ አምበርም፣ ሮብ ገበያም መረጧቸው፤ በዚያ ዓመት ወንድሜን ያየ ሰው፣ ደስታ ሰውን እንዴት ቀና አድርጎ እንደሚያስኬድ አይቷል። አዲስ አበባ ገብተው በምክር ቤቱ መናገር በቻሉበት በመጀመሪያው አጋጣሚ ተነሥተው እንዲህ አሉ፦ «እኛ በአንድ አዳራሽ የምንገባ ሰዎች ነን፤ በአንድ አዳራሽ የሚገባ ሰው ደግሞ በአንድ ድግስ ይደለላል። አገር ሙሉ ሰው ለመደለል ግን የማን ጎተራ ይበቃል? ስለዚህ የመንግሥቱን ሥራ የሚመራውን ሰው እኛም አንምረጠው፣ ሌላም አይምረጥልን፤ ሕዝቡ ይጠየቅ።» ከተቀመጡት መካከል የሣቁ ነበሩ፤ አንድ በዕድሜ የገፉ ሰው ግን ሳይሥቁ፣ በወዳጅነት «አቶ አካለ ወልድ፣ ይህን የዛሬ መቶ ዓመት ይመለሱበት» አሏቸው። ከዚያ ወዲህ «የመቶ ዓመቱ ሰው» የሚል ቅጽል ወጣላቸው፤ ሐሳቡም በጽሑፍ ሳይገባ፣ ሳይመከርበት ቀረ።

አሁን ወደ ማልፈልገው ስፍራ ደርሻለሁ። በ1960 ዓ.ም. መጀመሪያ የእርሻ ገቢ ግብር ዐዋጅ በቀረበ ጊዜ ወንድሜ ደግፈው ድምፅ ሰጡ። ሕጉ ዐሥራትን የሚያስቀር፣ ብዙ የሚያገኘውን ብዙ፣ ጥቂት የሚያገኘውን ጥቂት የሚያስከፍል ነው ብለው አምነውበት ነበርና፣ ለድኻ የቆሙ መስሏቸው እጃቸውን አነሡ። በአገር ቤት ግን የተሰማው ሌላ ነበር። ግብር ገማቾቹ መምጣታቸው በተወራ ጊዜ ገበሬው «ዛሬ ገብሳችንን ይገምታሉ፤ ነገ መሬታችንን ይለካሉ፤ ከነገ ወዲያ ርስታችን የሌላ ነው» ብሎ ተነሣ። ወንድሜ ሊያስረዱ ከአዲስ አበባ በጥድፊያ መጥተው በሮብ ገበያ ቆመው ቢናገሩ፣ ከሦስት ዓመት በፊት የመረጣቸው ሕዝብ ጀርባውን አዞረባቸው፤ አንዲት ሴትም «እኛ ድምፅ የሰጠንህ ልትናገርልን ነበር፤ ሸጥኸው» አለቻቸው። ይህች ቃል ከየትኛውም ዱላ ይልቅ እንደ ጎዳቻቸው ነግረውኛል።

ልጃቸው ድረስ ያን ጊዜ በሮብ ገበያ አስተማሪ ነበር። እርሱም ከአባቱ ጋር ሲወያይ፣ እኔ በተቀመጥሁበት፣ እንዲህ አለ፦ «አባባ፣ ሕጉ ደግ ሊሆን ይችላል፤ እርስዎም ለነሱ ብለው ነው። ግን ማን ጠየቃቸው? ሕዝቡ ይጠየቅ እያሉ ያሳደጉኝ እርስዎ አይደሉም?» ወንድሜም «የሚጠይቅ መንግሥት ቢኖር እኔም ምን ልለፋ! እስኪመጣ ድረስ በያዝነው መሥራት ነው» ብለው መለሱ። ልጁ እጃቸውን ስሞ ወጣ፤ ወጥቶም ከገበሬዎቹ ጋር ወደ ጮቄ ወጣ። በክረምቱ መግቢያ ጉም በወረደበት ቀን ከመንግሥት ጦር ተኵስ ተከፍቶ፣ ድረስ በአስታ ሚካኤል ሰበካ ከሚኖሩት ከወይዘሮ ማሬ ሁለት ወንዶች ልጆች ጋር ወደቀ፤ ሦስቱንም የሰበካው ሰው በአስታ ሚካኤል ቅጥር ጎን ለጎን ቀበራቸው። ወንድሜ የደረሱት ከቀብሩ በኋላ ነው። አፈሩ ላይ ወድቀው ሳለ ያነሣቸው ሰው አልነበረም፤ ሰዉ ሁሉ ቆሞ ያያቸው ነበር፤ ያነሣኋቸው እኔ ነኝ።

ከዚያ በኋላ ግብሩ ቀረ፤ ገማቾቹም ተመለሱ። የቀረው ግብር ለሞቱት አልደረሰላቸውም።

በ1961 ዓ.ም. እንደገና ምርጫ ሲታወጅ ወንድሜ መወዳደር አለብኝ አሉ። ወይዘሮ ሥራነሽ ሐዘናቸውን ሳይፈቱ «የልጄን ደም በምርጫ ወረቀት ሊያጥቡ ነው?» ብለው ቢጠይቋቸው፣ «አይደለም፤ ሕዝቡ የሚለኝ ካለ በደንብ ይበለኝ ብዬ ነው» አሉ። ሕዝቡም አላቸው። በአምበር ጥቂት ድምፅ አገኙ፤ በአስታ ሚካኤል ከእኔ በቀር የመረጣቸው ሰው ስለ መኖሩ እርግጠኛ አይደለሁም። ውጤቱ በተነገረበት ቀን «ተወዳዳሪዎ የሆነው ባላባት ሕዝቡን በድግስ ደልሎ ነው» ብለው ሊያጽናኗቸው ለመጡ ሰዎች፣ «የለም! ደልሎስ ቢሆን ደስ ባለኝ፤ ሕዝቡ ተጠይቆ መለሰ፤ መልሱን ካልወደድሁት ጥያቄውን መጥላት አለብኝ፤ ጥያቄውን ከጠላሁ ደግሞ ምን ይቀረኛል?» ብለው መለሱላቸው።

ከዚያ ወዲያ የነበሩት ዓመታት ለመናገር የሚያስቸግሩ ናቸው። ሥራ አልነበራቸውም፤ ሐሳባቸውን ግን አልተዉም፤ እንዲያውም ከልጃቸው ሞት በኋላ ሐሳቡ እንደ ንስሓ ሆነባቸው። «ሕዝቡ መንግሥቱን መርጦት ቢሆን ኖሮ ግብሩን በጠላው ጊዜ መንግሥቱን በወረቀት ያወርደው ነበር፤ ጮቄ መውጣት አያስፈልገውም ነበር» እያሉ በየገበያው ይናገሩ ነበር። የሚሰማቸው ሰው አልነበረም። ሲመጡ መንገድ የሚለውጥ ዘመድ ነበረ፤ በሰርግ ላይ ከአጠገባቸው የሚነሣ ነበረ። የሚቀመጡበት አንድ ስፍራ የአቶ አብዱልቃኒ ሱቅ ነበር፤ በዚያም የባለሱቁ ባለቤት ወይዘሮ ሀጀራ ወንበር ያወጡላቸዋል፤ ወንድሜም ተቀምጠው ጨርቅ ሊገዛ የመጣውን ሰው ሁሉ «አንተ ብትጠየቅ ማንን ትመርጥ ነበር?» ይሉታል። ገዢው አብዛኛውን ጊዜ «እኔን ማን ይጠይቀኛል ጌታው!» ብሎ ጨርቁን ይዞ ይሄዳል።

በዚህ ባለንበት በ1966 ዓ.ም. የመንግሥት ነገር ሲናወጥ፣ አዲስ ሕገ መንግሥት ይረቀቃል ተብሎ በሬዲዮ ሲነገር፣ ወንድሜ ከስንት ዓመት በኋላ ልብሳቸውን አሳጥበው፣ ጢማቸውን ተላጭተው፣ ሐሳባቸውን ይዘው አዲስ አበባ ወጡ። በየደጁ ደጅ ጠኑ። ሕገ መንግሥቱን ከሚያረቁት ሊቃውንት አንድ ወጣት፣ ውጭ አገር የተማረ ነው አሉ፣ በጨዋነት ተቀብሎ ካዳመጣቸው በኋላ «አባቴ፣ ገበሬው ማንን ያውቅና ይመርጣል? ቢመርጥም የሚመርጠው ባላባቱን ነው» አላቸው። ወንድሜም «ልጄ፣ ገበሬው እኔን መርጦ ያውቃል፤ ጥሎኝም ያውቃል። ሁለቱንም ጊዜ የሚያደርገውን ያውቅ ነበር» አሉት። ወጣቱም «እናየዋለን» ብሎ ሸኛቸው።

ክረምት ሲገባ ታመው ተመለሱ። ሐኪሙ ጉበታቸው መጎዳቱን፣ ጊዜውም ማለፉን ነገረን። ረቂቁ በጋዜጣ በወጣ ጊዜ ጥሩብርሃን አልጋቸው አጠገብ ተቀምጣ አነበበችላቸው፤ የመንግሥቱን ሥራ የሚመራውን ሰው የሚመርጡት እንደራሴዎች እንደሚሆኑ ከሚናገረው ስፍራ ስትደርስ «ተይው፤ ይበቃል» አሏት። አቶ አብዱልቃኒ ሊጠይቋቸው መጥተው «አይዞህ ወንድሜ፤ ጊዜው እየተለወጠ ነው፤ ትልልቁ ሁሉ እየታሰረ ነው» ቢሏቸው፣ «ማን ይታሰር ማን ይሾም ዛሬም የሚነግረን ሬዲዮ ነው። ተናጋሪው ተለወጠ እንጂ የሚጠይቀን አልመጣም» አሉ። አቶ አብዱልቃኒ ይህን ሰምተው ሲወጡ በረንዳው ላይ አለቀሱ።

ሞታቸው መቅረቡን ባወቁ ጊዜ ወንድሜ አንድ ነገር ለመኑ፤ ይኸውም በአስታ ሚካኤል በልጃቸው አጠገብ እንዲቀበሩ ነው። ወይዘሮ ሥራነሽ «ይህ ምን ልመና ያሻዋል? የተወለዱበት ደብር ነው፤ ዝም ብለን ወስደን እንቀብርዎታለን» አሏቸው። ወንድሜ ግን እኔን ጠርተው፣ «ታረቀኝ፣ ውጣና ሕዝቡን ጠይቅ። ካህናቱን ብቻ እንዳትጠይቅ፤ ሽማግሌዎቹንም ብቻ እንዳትጠይቅ፤ ሁሉንም ጠይቅ። እንቢ ካሉ አትለምናቸው» አሉኝ። ወይዘሮ ሥራነሽ ያን ጊዜ ያለቀሱት ልቅሶ ዛሬ ካለቀሱት የሚበልጥ ይመስለኛል።

ወጣሁ። በፍልሰታ እሑድ፣ ከቅዳሴ በኋላ፣ ሕዝቡን በደጀ ሰላሙ ሰብስቤ የወንድሜን ቃል ተናገርሁ። ቄሰ ገበዙ «ቤተ ክርስቲያን ለተጠመቀ ሰው ደጇን አትዘጋም፤ መቃብሩን የሚቈፍረው ግን ሰው ነው፤ ሰዉ ይናገር» አሉ። አንዱ ሽማግሌ ተነሥተው «ልጁን ወደን ቀብረነዋል፤ አባቱን ግን እጁን አንሥቶ ያስገደለው እርሱ ነውና እንዴት አጠገቡ እናስተኛዋለን?» አሉ። ሌላውም እንዲሁ አለ። ሴቶቹን በተለይ ጠየቅሁ፤ ብዙዎቹ «ይቅር፤ አይምጣ» አሉ። ከመካከላቸው ወይዘሮ ማሬ ብቻ፣ ሁለት ልጆቻቸውን ከድረስ ጋር ያስቀበሩት ወይዘሮ ማሬ፣ ቆመው «ይምጣ እንጂ! የሁላችንም ልጆች እዚያው ናቸው፤ ምን ቀረንና ነው የምንከለክለው?» አሉ። ሰዉ ሰማቸው፤ ሐሳቡን ግን አልለወጠም። እኔም እንደ ታዘዝሁት አልለመንኋቸውም።

ተመልሼ ነገርኋቸው። «ሴቶቹም ተጠየቁ?» አሉኝ። «ተጠየቁ» አልሁ። «ያስፈራራቸው የለም?» አሉ። «የለም» አልሁ። «እንግዲያው ትክክል ነው» አሉና ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። ጥሩብርሃን ውሃ ብታቀርብላቸው አልተቀበሏትም። ከዚያ በኋላ ከእኛ ጋር ብዙ አልተነጋገሩም፤ ከጥቂት ቀናትም በኋላ፣ ትናንት ነሐሴ 21 ቀን 1966 ዓ.ም. ጧት፣ በተወለዱ በሃምሳ ስምንት ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ድካም ዐረፉ።

ወገኖቼ፣ ወንድሜ በተስፋ ሞቱ ብዬ ልጽፍ ብዕር አንሥቼ ነበር፤ ብዕሩ እንቢ አለኝ። ያሰቡት አልሆነም፤ የሚሆን ስለ መሆኑም የማውቀው ምልክት የለኝም። ስለ እርሳቸው መመስከር የምችለው ይህን ብቻ ነው፦ ለሌላው የተመኙት ፍርድ በራሳቸው ላይ በደረሰ ጊዜ ይግባኝ አላሉበትም።

አቶ አካለ ወልድ ባለቤታቸውን ወይዘሮ ሥራነሽ ድረስልኝን፣ ሴት ልጃቸውን ወይዘሪት ጥሩብርሃንን፣ እኔን ወንድማቸውንና ልጆቼን፣ ከወንድም የማይለዩዋቸውን አቶ አብዱልቃኒንና ወይዘሮ ሀጀራን ትተው ሄደዋል። ወይዘሮ ማሬም በዚህ ዝናብ ከአስታ ሚካኤል በእግራቸው ተጉዘው ዛሬ በመካከላችን ተገኝተዋልና ቤተ ሰቡ ስላሳዩት ፍቅር እጅ ይነሣል።

የሰውን ልብ ሳይጠይቅ የሚያውቅ አምላክ፣ ወንድማችን በቅንነት አስበው የሳቱትን ይቅር ይበላቸው፤ ጠርተው ያጡትን መልስ በርሱ ዘንድ ያግኙ፤ የአባትና የልጅ መቃብር በተራራ ቢለያይም፣ ነፍሳቸውን በአንድ ስፍራ ያሳርፍልን። አሜን።